የዳሽቦርድ ማስጠንቀቂያ መጀመሪያ «ልቁም ወይስ ልቀጥል?» ለሚለው ጥያቄ ይመልስ
ግልጽ ደብዳቤ

ለተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተሽከርካሪ ደንቦች ማጣጣሚያ የዓለም መድረክ፣
በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የተሽከርካሪ ምልክቶችን ደረጃ ለሚያወጡ ባለሙያዎች፣
በየመኪና ፋብሪካው ዳሽቦርድ ለሚቀርጹ መሐንዲሶችና ንድፍ አውጪዎች፤

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና በመሆኑ፣ ዳሽቦርዳቸው ላይ መብራት የበራባቸው አሽከርካሪዎች ወደ እናንተ ሳይሆን ወደ እኔና ወደ ሥራ ባልደረቦቼ ስለሚመጡ ነው። አብዛኞቹ የመብራቱን ስም አያውቁም፤ «አንድ ቢጫ ነገር በርቶብኛል» ይላሉ፣ ወይም በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ አውጥተው ያሳያሉ። ቀጥሎ የሚያነሱት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ መኪናውን መንዳት እችላለሁ ወይስ አልችልም? አቤቱታዬም የሚነሳው ከዚሁ ጥያቄ ነው። የዛሬው ዳሽቦርድ የተበላሸውን ዕቃ ማንነት ለመናገር እንጂ አሽከርካሪው በዚያች ቅጽበት ምን ማድረግ እንዳለበት ለመንገር አልተቀረጸም። ዕቃውን ማወቅ የሚያስፈልገው ጠጋኙ ነው፤ እሱ ደግሞ ዲያግኖሲስ ማሽን አለው። አሽከርካሪው የሚያስፈልገው ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ እጠይቃለሁ።

እስከ ዛሬ የተሠራውን ሥራ አላቃልልም። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 121፣ አይኤስኦ 2575 የተባለው የምልክቶች ደረጃ እና የአሜሪካው የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 101 ባይኖሩ ኖሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ሥዕል እየሣለ፣ መኪና የቀየረ ሰው ሁሉ እንደገና ፊደል ቆጣሪ በሆነ ነበር። ቀይ ለአደጋ፣ ቢጫ ለጥንቃቄ፣ አረንጓዴ ሥራ ላይ ላለ ነገር፣ ሰማያዊ ለረጅም መብራት መዋሉ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚያገለግል የጋራ ቋንቋ ሆኗል። ነገር ግን እነዚህ ደንቦች የሚቆጣጠሩት በአብዛኛው ምልክቱ ምን ዓይነት ሥዕልና ቀለም እንደሚኖረው እና ከአሽከርካሪው ወንበር መታየቱን ነው፤ ያየው ሰው በትክክል ተረድቶት እንደሆነ በሰው ላይ እንዲፈተን አያስገድዱም። መታየትና መነበብ ደግሞ ለየቅል ናቸው።

አሽከርካሪው ለማንበብ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የአሜሪካው ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ አሽከርካሪዎች ትኩረት መሰረቅ ባወጣው መመሪያ ዓይን ከመንገዱ ላይ በአንድ ጊዜ ከ2 ሰከንድ በላይ መነሳት እንደሌለበት መክሯል፤ በዚያ ፍጥነት 2 ሰከንድ ማለት ከ55 ሜትር በላይ ሳያዩ መሄድ ነው። እንግዲህ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቢሮ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ላይ ተዘርግቶ፣ ንድፍ አውጪው ደጋግሞ እያየው የሚያምር መሆኑ ምንም አይመሰክርለትም።

ነገሩን በቅርብ ለማየት የፍሬኑን መብራት ልውሰድ። በመካከሉ ቃለ አጋኖ ያለበት ክብ፣ ግራና ቀኙ በቅንፍ መሰል ቅስቶች የታቀፈ ቀይ ምልክት ነው። በብዙ መኪናዎች ይህ አንድ መብራት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የእጅ ፍሬን ሲያዝም ይበራል፣ የፍሬን ዘይት ሲጎድልም ይበራል። የመጀመሪያው በየቀኑ መኪና በቆመ ቁጥር የሚታይ፣ ምንም ጉዳት የሌለው ነገር ነው። ሁለተኛው በዚያ መኪና ላይ ሊደርሱ ከሚችሉ ብልሽቶች ሁሉ የከፋው ሊሆን ይችላል። አሽከርካሪው ይህን ቀይ መብራት ለዓመታት «የእጅ ፍሬን አልለቀቅህም» ብሎ ሲለምደው ኖሮ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲበራበት መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ እጅ ፍሬኑ ነው። መለቀቁን ሲያረጋግጥ ደግሞ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። በዚህ ሰው አልፈርድበትም፤ መብራቱ ራሱ ነው ያስተማረው። ለእጅ ፍሬን ሌላ ምልክት፣ በክብ ውስጥ የ«ፒ» ፊደል ያለበት፣ ከተዘጋጀ ቆይቷል፤ የተለያየ ክብደት ያላቸው ሁለት ነገሮች በአንድ መብራት እንዲጠቃለሉ መፈቀዱ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም።

ከዚሁ ጋር የጎማ ነፋስ ማነሱን የሚያሳየውን ምልክት አስተያዩት። እሱም በመካከሉ ቃለ አጋኖ አለው፤ እሱም በግራና በቀኝ በቅስት ታቅፏል፤ ልዩነቱ ቅስቱ ከታች ጠፍጠፍ ማለቱና ቀለሙ ቢጫ መሆኑ ነው። ተቆርጦ ከፊት የሚታይ ጎማ ሥዕል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፤ የማያውቅ ሰው ግን ፈረስ ኮቴ ነው፣ ድስት ነው እያለ ሲገምት ሰምቻለሁ። ቃለ አጋኖው በፍሬን፣ በጎማ፣ በመሪ፣ በተቃጠለ አምፖልና በአጠቃላይ ማስጠንቀቂያው ሦስት ማዕዘን ላይ ሁሉ ስላለ፣ ከጥፍር ባነሰች ቦታ ላይ ጎልታ የምትታየዋ ክፍል ለሁሉም የጋራ የሆነችው፣ ማለትም ምንም የማትለየዋ ክፍል ናት። ልዩነቱን የተሸከመው ቀለሙ ነው ብንል ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከ12 ሰው አንዱ፣ ቀይና አረንጓዴን በመለየት የሚቸገር መሆኑ ከተረጋገጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ለዚህ ሰው ቀይና ብርቱካን መሰሉ ቢጫ ተቀራራቢ ናቸው። ቀለምን ብቸኛ የክብደት መለኪያ ማድረግ እሱን ከነጭራሹ መርሳት ነው። «ቁም» የሚለው ማስጠንቀቂያ በቅርጹ፣ በመጠኑና በቦታው ጭምር «ቀጥል፣ ግን አሳየው» ከሚለው መለየት አለበት።

የዘይቱ ጉዳይ ከዚህ አይሻልም። ከአፉ ጠብታ የሚወርደው የዘይት ጣሳ ቀይ ሆኖ ሲበራ የዘይት ግፊት ጠፍቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ሳይውል ሳያድር፣ በዚያችው ደቂቃ መጥፋት አለበት። ያው ጣሳ ከሥሩ የሞገድ መስመር ተጨምሮበት በቢጫ ሲበራ ግን የዘይቱ መጠን አንሷል ማለት ስለሆነ በቅርብ ጊዜ መጨመር ይበቃል። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ዘይት ከመግዛትና አዲስ ሞተር ከመግዛት ጋር እኩል ነው። ሞተሩ ተጣብቆ፣ በሌላ መኪና ተጎትቶ የመጣ አንድ ደንበኛ ቀዩን መብራት አላየሁም አላለንም፤ አይቶታል። ቢጫው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እየበራ ይጠፋበት ስለነበር፣ ቀዩንም ያንኑ የዘይት መብራት አድርጎ ቆጥሮት ቅዳሜ ዘይት ሊያስቀይር ቀጠሮ ይዞ ነበር። የጣሳውን ሥዕል በሚገባ ተረድቷል ማለት ነው፤ ያልተነገረው ጊዜ እንደሌለው ብቻ ነው።

አንዳንድ መብራቶች ደግሞ ትርጉማቸውን በአኳኋናቸው ውስጥ ደብቀውታል። በአሜሪካው ደረጃ ቁጥር 138 መሠረት የጎማው መብራት ጸንቶ ከበራ ቢያንስ የአንዱ ጎማ ነፋስ አምራቹ ካዘዘው 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ከጸና ግን የተበላሸው መቆጣጠሪያው ራሱ ነው። ያንን አንድ ደቂቃ መንገዱን ሲመለከት ያሳለፈ አሽከርካሪ፣ ማድረግ የነበረበትም ይህንኑ ነው፣ ሁለቱን ሊለይ የሚችልበት ምንም መንገድ አይኖረውም። ቼክ ኢንጅን የሚባለው የሞተር ብልሽት መብራትም እንዲሁ ነው። ጸንቶ ሲበራ ወደ ጋራዥ እስኪደርሱ ድረስ ብዙውን ጊዜ መንዳት ይቻላል፤ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ሞተሩ በአግባቡ እያቃጠለ ባለመሆኑ የጭስ ማጣሪያው፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ሊቃጠል ነውና ነዳጅ መርገጫውን ሳሳ ማድረግና ቶሎ መቆም ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት ከመመሪያ መጽሐፉ አንብቦ የሚያውቅ አሽከርካሪ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ጥቂት ነው። በትርጉም ይህን ያህል የሚራራቁ ነገሮች በአበራር ብቻ መለየት አልነበረባቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ምሬቴ ልምጣ። አንድ የጎማ ፍጥነት ሴንሰር፣ ጭቃ የነካው ወይም ሽቦው የተላጠ፣ ሥራውን ሲያቆም ዳሽቦርዱ ላይ የሚሆነውን አስቡት። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የኤቢኤስ መብራት ይበራል፤ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት መረጃ ስላጣ የእሱም ይበራል፤ ዳገት ላይ መነሻ ማገዣው፣ ፍጥነት ጠባቂው፣ አንዳንዴም አደጋ ሲቃረብ በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት ተከታትለው «አልሠራም» ይላሉ። እያንዳንዱ መልእክት ስክሪኑን ሞልቶ ይወጣል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ለቀጣዩ ቦታ ይለቃል። ለእኔ ይህ ሁሉ አንድ ሽቦ ነው። ለአሽከርካሪው ግን መኪናው በጠቅላላ የፈረሰ ይመስለዋል፤ አንዱ ደንግጦ በፈጣን መንገድ መካከል ቀጥ ይላል፣ ሌላው ደግሞ እንዲህ ያለውን ትርኢት ከለመደ በኋላ ለሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። መደበኛው ፍሬን በቦታው እንዳለ፣ በዝግታ እየነዳ ወደ ጋራዥ መምጣት እንደሚችል የሚነግረው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከነዚያ ሁሉ መልእክቶች ውስጥ የለም።

የማስጠንቀቂያ ብዛት ራሱ አደጋ መሆኑን ዓለም የተማረው ከመኪና ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ ሲደርስ፣ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማስጠንቀቂያዎች ተነሥተው ኦፕሬተሮቹ ዋናውን ከተራው መለየት አቅቷቸው ነበር። በዚያው ክፍል አንድ መብራት የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ መዘጋቱን የሚናገር መስሎ የሚታይ ነበር፤ በእርግጥ የሚናገረው ግን «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መላኩን ብቻ ነበር፣ ቫልቩም ክፍት ሆኖ ቆየ። የአውሮፕላን ሠሪዎች ከእንዲህ ያለው ልምድ ብዙ ወስደዋል። በዘመናዊ አውሮፕላን ማስጠንቀቂያ በደረጃ ይከፈላል፤ ወዲያውኑ እርምጃ የሚጠይቀው በቀይና በራሱ ድምፅ ይመጣል፣ ቆይቶ እርምጃ የሚያስፈልገው በቢጫ ይከተላል፣ ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ሳያሰማ ይጻፋል፤ አውሮፕላኑ በሚነሳባት አስጨናቂ ቅጽበት ደግሞ ሊቆዩ የሚችሉ ማስጠንቀቂያዎች እንዲዘገዩ ይደረጋል። አብራሪው ለዓመታት የሠለጠነ ሰው ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ከታሰበለት፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ማለቁን የሚገልጽ መልእክት ሌላ መኪና እየቀደመ ባለ ተራ አሽከርካሪ ፊት ድምፅ እያሰማ መምጣቱ የሚገባ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ፍሬቻ መብራቱን፣ ፍጥነቱንና የመሪውን አዙሪት ስለሚያውቅ አንድ ደቂቃ መታገሥ አይከብደውም።

ስለ መጠን የምለው አጭር አይሆንም፤ እዚህ ላይ ደንብ በእርግጥ ሥራ እንደሚሠራ ያየንበት አጋጣሚ አለና። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ገደማ መኪናዎችን ለማስተካከያ ጠርቷል፤ ምክንያቱ በስክሪኑ ላይ የሚታዩት የፍሬን፣ የፓርክና የኤቢኤስ ማስጠንቀቂያ ፊደሎች የአሜሪካ ደንብ ከሚጠይቀው 3.2 ሚሊሜትር ቁመት አንሰው መገኘታቸው ነበር። ማስተካከያው የተላከው በሶፍትዌር ነው፤ መኪኖቹ ከቆሙበት አልተነሱም። አንዳንዶች በዚህ ሳቁ፣ ፊደል ትንሽ ሆነ ተብሎ ይህን ያህል መኪና ይጠራልን አሉ። እኔ ግን ደንቡ የወሰነው ዝቅተኛ መጠን ራሱ ያነሰ ነው ባይ ነኝ። ዓይን የሚያየው ሚሊሜትር ሳይሆን ማዕዘን ነው፤ ያው ፊደል ራቅ ሲል ያንሳል። በመኪና ውስጥ ያሉ ስክሪኖችን ተነባቢነት የሚመለከተው አይኤስኦ 15008 የፊደል ቁመት በቅስት ደቂቃ፣ ማለትም በአንድ ዲግሪ ስድሳኛ፣ ሲለካ 20 እንዲሆን ይመክራል፣ 16ን ይቀበላል፣ 12ን የመጨረሻ ዝቅተኛ ያደርጋል። ከዓይን 75 ሴንቲሜትር ርቆ ለሚገኝ ዳሽቦርድ 20 የቅስት ደቂቃ ማለት 4.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 3.2 ሚሊሜትሩ በዚያ ርቀት ከ15 አይደርስም፤ መቀመጫውን ወደ ኋላ ስቦ 90 ሴንቲሜትር ርቆ ለሚቀመጥ ረጅም ሰው ደግሞ ወደ 12 ይወርዳል። ስለዚህ ደንቡ በሚሊሜትር ሳይሆን በማዕዘን ቢጻፍ፣ መለኪያውም ራቅ ብሎ የሚቀመጠው አሽከርካሪ ቢሆን ይበጃል።

ዕድሜም አለ። ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ የዓይኑ ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ ከሩቁ መንገድ ወደ ቅርቡ ዳሽቦርድ ትኩረቱን ለማዛወር ይዘገያል፤ የማንበቢያ መነጽሩ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነው። የፊደል ቅርጽም ቢሆን ተራ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የምርምር ማዕከል ኤጅላብና ሞኖታይፕ የተባለው የፊደል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ አራት ማዕዘን ከመሰለው የፊደል ዓይነት ይልቅ ክፍት ቅርጽ ያለውን ሲያነቡ ወንዶች ስክሪኑን የሚያዩበት ጊዜ በ10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። እንግዲህ ወደ ፋሽን ያደላ ፊደል መርጦ ዳሽቦርድን ማሳመር በአሽከርካሪው ጊዜ የሚከፈል ዋጋ አለው።

የመሪው ቀለበት የዳሽቦርዱን ጥግ መሸፈኑ፣ የቀትር ፀሐይ ስክሪኑን ማንጣቱ፣ የማታው ብርሃን ዓይን መውጋቱ የታወቁ ነገሮች ስለሆኑ አላስረዝምም። አንዱን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከኤልሲዲ ስክሪን የሚወጣው ብርሃን ፖላራይዝድ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ፣ ስለሆነ፣ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው አንዳንዱን ስክሪን ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ጠቁሮ ያገኘዋል። መነጽሩ የሚደረገው ለመንዳት ተብሎ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚመጣበት ስክሪን ከመነጽሩ ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ በፋብሪካው ውስጥ መነጽር አድርጎ የሞከረ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

በጽሑፍ የሚወጡ መልእክቶችን በተመለከተ «የፍሬን ሥርዓት ስህተት፤ ባለሙያ ያማክሩ» የሚለውን ከ«ፍሬኑ ሊከዳ ይችላል፤ ዳር ይዘው ይቁሙ» ጋር አስተያዩ። ሁለተኛው አይረዝምም፤ ግን ሥራውን ይሠራል። መልእክቱ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሲጠፋም ወዴት እንደሄደ አሽከርካሪው ማወቅ አለበት፤ መኪናው ሲቆም የመጨረሻዎቹ ማስጠንቀቂያዎች ከነሰዓታቸው ተዘርዝረው ሊገኙ ይገባል፣ በአምስት ማውጫ ሥር ተቀብረው ሳይሆን። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ የደኅንነት ቀበቶ ላለማሠር፣ በር በደንብ ላለመዘጋትና ለሞተር መጋል አንድ ዓይነት ጩኸት የሚያሰሙ መኪናዎች አሉ።

«መመሪያ መጽሐፉን ያንብቡ» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። መጽሐፉ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ አለው፣ መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይጠፋል፣ ኖሮም ቢሆን 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዱ አይገለጥም። ሌላው መልስ ጠንከር ያለ ነው፤ ሥዕል ቋንቋ አይጠይቅምና ጽሑፍ ከበዛ ምልክቶቹ ያስገኙት የጋራ መግባባት ይፈርሳል የሚል። ይህ እውነት ስለሆነ ምልክቶቹ ይጥፉ አልልም። የምለው ከማንኛውም ሥዕል በፊት፣ በቋሚ ቦታ፣ ሦስት ደረጃ ብቻ ያለው አንድ ትልቅ ምልክት ይቅደም ነው፤ አሁኑኑ በሰላም ቁም፣ ቀስ ብለህ ወደ ጋራዥ ሂድ፣ ሲመችህ አሳየው። የተበላሸው ዕቃ ሥዕል ከእሱ ሥር ይከተል። ከአንድ ምክንያት የመጡ ብዙ ብልሽቶችም በምክንያታቸው ሥር በአንድ መልእክት ይጠቃለሉ።

ይህን ሁሉ ለማረጋገጥ አዲስ ሳይንስ አያስፈልግም። በሕንፃና በሥራ ቦታ ለሚለጠፉ የደኅንነት ምልክቶች የሚያገለግለው የአሜሪካ ደረጃ፣ አንሲ ዜድ 535፣ አንድ ምልክት ያለ ጽሑፍ እንዲቆም ከተፈለገ ከተጠያቂዎቹ ቢያንስ 85 በመቶው በትክክል እንዲረዱት፣ በተቃራኒው የሚረዱት ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል። በሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ምልክት የሚያልፍበት ፈተና የፍሬንን ምልክት የማይመለከትበት ምክንያት አይታየኝም። ደንብ ቁጥር 121 ወደፊት ሲሻሻል እንዲህ ያለ የመረዳት ፈተና እንዲገባበት፣ ተፈታኞቹም መኪናውን አይተውት የማያውቁ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀለም የመለየት ችግር ያለባቸው እና ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ጭምር እንዲሆኑ፣ ፈተናው በሁለት ሰከንድ ዕይታ እንዲካሄድ፣ ጥያቄውም «ይህ ምልክት የምን ነው?» ሳይሆን «አሁን ምን ታደርጋለህ?» እንዲሆን፣ የፍሬን ብልሽትና የእጅ ፍሬን መብራት በአንድ መጠቃለላቸው እንዲከለከል በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዳሽቦርዳቸው ሙሉ በሙሉ ስክሪን የሆነባቸው መኪናዎችን የሠራችሁ መሐንዲሶች ግን ደንቡ እስኪሻሻል የምትጠብቁበት ምክንያት የለም፤ የ2024ቱ ማስተካከያ እንዳሳየው ተሽጠው መንገድ ላይ ያሉት ሳይቀሩ በአንድ የሶፍትዌር ዕድሳት ሊስተካከሉ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ